አባቴ ውሃ ዳር አይሄድም

ካሚስቲኮል፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1995

አንድ ሳል ስንት ቀን ሲቆይ ነው ሰው መፍራት ያለበት? በዚህ ሳምንት ብቻ ሃያ ሰው ጠይቆኛል፤ ለሁሉም እንደተማርኩት መልሻለሁ። ዛሬ ግን ጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ የምጠይቀውም እርስዎን ነው።

የተከበሩ አጎቴ ሳፓርጋሊ፣ ከብትዎም ነፍስዎም ደህና ናቸው? ኖቮሲቢርስክ አራተኛ ፎቅ ላይ ከብት እንደማይረባ አውቃለሁ። እናቴ ግን «ከብቱን ሳትጠይቂ ከጀመርሽ ደብዳቤ አይባልም፣ ማመልከቻ ነው» ስላለችኝ ጻፍኩት። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ቤትዎን ከክፉ ይሰውረው።

አያስታውሱኝም ይሆናል። እናትዎና አያቴ እህትማማቾች ናቸው፤ እኔ የኩሊፓ ልጅ አክማራል ነኝ። አልማቲ ሕክምና ተምሬ በጁን ተመረቅሁ፣ ራሴ ጠይቄም ወደዚሁ ወደ ሐይቃችን ዳር ተመደብኩ። ጓደኞቼ «እብድ» አሉኝ። ጤና ጣቢያው አንድ የራጅ መሣሪያ አለው፣ ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል። በሩን በገዛ እጄ ቀለም ቀባሁት። ለሚኒስቴሩ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ በጸደይ የመንደሩን ሰው በሙሉ ራጅ የማንሳት ዕቅድ አለኝ። የቀሩኝ ፊልሞች ዘጠኝ ነበሩ። ዛሬ ስምንት ሆኑ።

ስምንት ያደረጋቸው አባቴ ኦራልባይ ነው። የዛሬ አሥራ ስድስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ «ብርድ ብርድ አለኝ» አለ፤ ከዚያ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠ። ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ከግማሽ። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ደረቅ ሳል አለው፣ ቀኝ ጎኑን ይወጋዋል። የሳንባ ምች ነው ብዬ ፔኒሲሊን ጀመርኩለት። ሳምንት ሙሉ ወጋሁት፤ ትኩሳቱ ጨርሶ አልሰማኝም። እናቴ በበኩሏ በግ አሳርዳ በትኩስ ቆዳው ጠቀለለችው። «ዶክተሯ አልቻለችም፣ በጉ ይሞክር» አለ አባቴ። ያን ቀን ገና ይቀልድ ነበር።

ፊልሙ እንዳይታጠፍ እናቴ ሊጥ በምትዳምጥበት እንጨት ላይ ጠቅልዬ፣ በሱፍ ጨርቅ አልብሼ በባቡር አስተናጋጇ በራይሳ እጅ ልኬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ራጅ ሲያነብቡ የኖሩ ሰው ነዎት፤ እኔ ያነበብኩት አምስት ወር ነው። የእህት ልጅ ከእናቷ ወገን ሦስት ጊዜ ብትጠይቅ አይከለከልም ይባል የለ? ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ምን ያያሉ?

አክባሪዎ አክማራል


ኖቮሲቢርስክ፣ ኖቬምበር 23

ለኩሊፓ ልጅ ለአክማራል፣ ሰላም ይድረስሽ፤ መንገድሽ ይቅና፣ እጅሽ ፈዋሽ ይሁን።

ከብቴ ደህና ነው፤ አንድ ድመት ብቻ ነች፣ እሷም እርጅና ተጫጭኗታል። ባለቤቴ መዳመጫውን ስታይ «ዘመዶችህ በመጨረሻ የሚደበድብህ ነገር ላኩልኝ» ብላ ተቀበለችው።

ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፌ ሁለት ቀን ተመለከትኩት። ጥሩ አድርገሽ ነው ያነሳሽው፤ ትንፋሹን በደንብ አስይዘሽዋል። አሁን እኔ ያየሁትን ስሚ። በቀኝ ሳንባ ታችኛው ክፍል ጥጥ የመሰለ ነጭ ጥላ አለ፣ ጠርዙ የደበዘዘ። ከዚያው ወገን የሳንባው ሥር፣ የአየር ቧንቧው በሚገባበት ላይ፣ ዕጢዎቹ አብጠው ድንች መስለዋል። ከሥር በሳንባው ሽፋን መሃል ጥቂት ውሃ ቋጥሯል፤ ለዚህ ነው የሚወጋው። ተራ ምች ጥላ ይጥላል እንጂ ዕጢ እንዲህ አያሳብጥም።

እንዲህ የሚያደርጉ ሁለት አውቃለሁ። አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሌላው በወጣትነቴ ኦብ ወንዝ ዳር ያየሁት ነው። ጎርፍ ሄደና መንደሩ ለቆዳው ሲል የውሃ አይጥ ማደን ጀመረ። ከዚያ ግማሹ ሰው ተኛ፤ የራጃቸው ሥዕል ከአባትሽ ጋር ወንድማማች ነው። ቱላሬሚያ ይባላል። ከአይጥ፣ ከጥንቸል፣ አይጥ ከገባበት ድርቆሽ አቧራ ይመጣል። ከሰው ወደ ሰው አይሻገርም። ፔኒሲሊን አይነካውም፤ ስትሬፕቶማይሲን ግን በሦስት ቀን ያንበረክከዋል።

ልጄ፣ ራጅ የሚያሳየው ጥላ ብቻ ነው፤ ጥላው ከምን እንደመጣ የሚናገረው ሰው ነው። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። አባትሽ ሃያ ዓመት የውሃ አይጥ አደን ተቆጣጣሪ ነበር። አሁንስ ውሃ ዳር ይሄዳል? ይገፍፋል? በቤታችሁ ቆዳ የሚገፍፍ ሰው አለ? ክንዱ ላይ የሚጫረው የዚህ በሽታ ክትባት መቼ ነበር የመጨረሻው?

ወንድሜን ሙካንን ያለ ፈቃድ ባደነው አርባ ቆዳ ይዞ ፍርድ ቤት ያቆመው ኦራልባይ መሆኑን አልረሳሁም፤ ይህን የማነሳው ግን ለቂም አይደለም። በደንብ ያስታውስ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሳፓርጋሊ


ካሚስቲኮል፣ ዲሴምበር 3

ለተከበሩ አጎቴ፣ ክረምቱ በሰላም ይለፍልዎ፣ ድመትዎም ትማርልዎ።

ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እኛ ቤት ደብዳቤ በዝምታ አይነበብም። እናቴ ሻይ እየቀዳች ሰማች። አባቴ በትራስ ተደግፎ ሰማ። የጋሼ ሙካን ስም ላይ ስደርስ «ቀጥይ» አለኝ።

ጥያቄዎቹን እሱ ራሱ ነው የመለሰው። እንደተናገረው እጽፋለሁ፦ «ኦራልባይ ውሃ ዳር ከሄደ አራት ዓመት ሆነው። ይሠራበት የነበረው የውሃ አይጥ እርባታ ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ቤቱ ተቀምጦ የድሮ ጋዜጣ ያነባል በይው። ክትባቱም ክንዴ ላይ አለ።» ጠባሳው በእርግጥ አለ፣ አይቼዋለሁ፤ የ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ከታቢዎቹ አልመጡም።

ስለዚህ የቀረው ነቀርሳው ነው። ነገ ወደ ወረዳው የነቀርሳ ሆስፒታል እወስደዋለሁ። አይዘኑ፣ እኔ እንኳ አላዘንኩም። ነቀርሳ ዛሬ ይድናል፤ ሕክምናው አራት መድኃኒት ነው፣ አንዱም መርፌ ነው። መርፌው ከተጀመረለት ሁሉም ነገር ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ። በልደቱ፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ፈረስ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አንስቼ እልክልዎታለሁ።

መዳመጫውን አይመልሱ፤ እናቴ በጠርሙስ እየዳመጠች ነው፣ ለምዳዋለች።

አክማራል


ኖቮሲቢርስክ፣ ዲሴምበር 15

ለአክማራል፣ ጤና ከእናንተ ጋር ይሁን።

ነቀርሳ ከሆነ ነቀርሳ ነው። አክታው ተመርምሯል? ምን ተገኘ? ይህን አልጻፍሽልኝም።

ልንገርሽ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ነቀርሳ ሌባ ነው፤ ወር ሁለት ወር እየተሹለከለከ ይገባል። አንቺ ግን በመጀመሪያው ደብዳቤሽ «ማክሰኞ፣ ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ ተንቀጠቀጠ» ብለሻል። ደጋግሜ አነበብኩት። ማንኪያ የሚያስጥል ነቀርሳ በሠላሳ ዓመት አላየሁም።

ደግሞ አባትሽን አውቀዋለሁ። ለሠርጉ ሲመጣ እንኳ ቦት ጫማው ላይ የሐይቅ ጭቃ ነበረበት፤ አክስቶቼ በሳቅ ሞቱ። አራት ዓመት ቤት ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ልስለው ሞከርኩ፣ አልሳል አለኝ።

አክማራል፣ እንደ ዘመድ አልጠይቅሽም፤ ሐኪም ሐኪምን እንደሚጠይቅ ነው የምጠይቅሽ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አንብቢው። ውሃ ዳር ይሄዳል ወይስ አይሄድም?

ሳፓርጋሊ


ካሚስቲኮል፣ ዲሴምበር 27

አጎቴ፣

ይሄዳል።

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ሰላምታ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም፣ ይቅር ይበሉኝ። የጭነት መኪናው በረዶው ላይ ሊሻገር ነው፣ ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጮህብኛል። የስልኩን ሽቦ በበጋ ለመዳቡ ሲሉ ቆርጠው ሸጠውታል። ያለኝ ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

ደመወዝ ከቀረ ወዲህ አባቴ ወጥመድ ይጥላል። ሃያ ዓመት ከሌላው ሰው እየነጠቀ ባከማቻቸው ወጥመዶች። አይጦቹን ከሸምበቆው መሃል ያመጣቸዋል፣ በጓሮ መጋዘን ይገፍፋል፣ እናቴ ቆዳውን በእንጨት ላይ ወጥራ ታደርቃለች። የእኔም የመጨረሻ ዓመት ትምህርት ያለቀው በዚያ ነው። በኦክቶበር ውሃው ላይ ሞተው የተንሳፈፉ ብዙ ነበሩ። «ሳይለፋ የመጣ» ብሎ እነሱንም ሰበሰበ። የደረቀውን ቆዳ ሲያራግፍ መጋዘኑ በአቧራ ይሞላ ነበር።

የእርስዎ የመጀመሪያ ደብዳቤ በመጣ ቀን፣ እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ከገበታው ላይ ዳቦ አንስቶ ዘረጋልኝ።

«ያዢው» አለኝ።

«አባዬ፣ ይህ በሽታ እኮ...»

«ያዢው። ሙካንን በአርባ ቆዳ ያሳሰርኩ ሰው ነኝ። ወንድሙ ኖቮሲቢርስክ ተቀምጦ ኦራልባይ አይጥ ይገፍፋል ብሎ ከሚስቅ እዚሁ ልሙት። ለእናትሽ ወገን አንድ ቃል ብትጽፊ ይህ ዳቦ ይምታሽ።»

ያዝኩት። ሐኪም ነኝ፣ ዳቦ ሰው እንደማይመታ አውቃለሁ። ግን ያዝኩት።

አሁን የማፍርበትን ልንገርዎ። መሐላው ብቻ አይደለም ዝም ያሰኘኝ፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ነቀርሳ ነው ብዬ ካስገባሁት ስትሬፕቶማይሲን ይጀመርለታል፤ አንዱ መርፌ ሁለቱንም ያድናል፣ አባቴ ሳያፍር፣ እኔም መሐላዬን ሳላፈርስ። እያዘነ ወደ ሆስፒታሉ ሲገባ እኔ በልቤ እየሳቅሁ ነበር። የመድኃኒት ክፍሏ ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «መርፌው ከጁን ጀምሮ የለም። ከአራቱ አንድ ዓይነት ክኒን አለ፣ እሱን እየሰጠን ነው» አለችኝ። ያኔ ወዲያው ልጽፍልዎ ይገባኝ ነበር። «ነገ ይመጣል» አሉኝ። ሃያ ሦስት ቀን ነገን ጠበቅሁ። በአክታው ውስጥ የነቀርሳ ጀርም አልተገኘም፤ ይህንንም አውቄ ነው ያልጻፍኩልዎ። ሰኞ ዕለት «ቤቴ ልሙት» ስላለ ወደ ቤት መልሼዋለሁ።

አዲሱን ፊልም አልክም፣ ልንገርዎ፦ ጥላው ወደ ግራም ተሻግሯል፣ ክብ ክብ ሆኖ። ውሃው የቀኙን ግማሽ ሸፍኗል። በመርፌ አንድ ሊትር ቀዳሁለት፣ ሁለት ቀን ተነፈሰ፣ እንደገና ሞላ።

እናቴ ደግሞ ጣቷ ላይ የማይድን ቁስል አለባት፤ በብብቷ እንቁላል የሚያህል ዕጢ ወጥቷል፣ ትኩሳት ጀምሯታል። ደብቃኝ ነበር። እኛ ቤት ሁሉም ይደብቃል።

ሁለተኛውን ልለምን። ስትሬፕቶማይሲን ይላኩልኝ። ካልተገኘ ጄንታማይሲን። የሁለት ሰው።

አክማራል


ኖቮሲቢርስክ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1996

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ማታ ገባ። ዛሬ ራይሳ ወደ እናንተ ትነሳለች፤ ስለዚህ አጭር ነው።

በዓል ነው፣ ፋርማሲዎቹ ዝግ ናቸው። ከድሮ ክፍሌ ለምኜ፣ የቀረውን ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት አምጥቼ ስልሳ ብልቃጥ ሞላሁ። በእናትሽ መዳመጫ ዙሪያ በጥጥ ደርድሬ አስሬዋለሁ፤ እንዳይሰበር። እያንዳንዱ ብልቃጥ አንድ ግራም ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ በጡንቻ፣ አሥር ቀን። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልወረደ እንኳ አታቋርጪ። ጆሮው ጮኸብኝ ካለ፣ ሽንቱ ካነሰ መጠኑን ቀንሺ። የእናትሽን ዕጢ አትቅደጂው፤ መርፌው ያሟሟዋል። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ቆዳ ሳታራግፊ፣ አፍሽን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ አቃጥዪው።

ሙካን እዚህ እኔ ዘንድ ነው፣ ለበዓሉ መጥቶ። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እኛም ቤት እንደዚያው ነው። ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን «አራት ዓመት ከማን ተማረ? ያ ሰው እኮ መያዝ እንጂ መግፈፍ አያውቅም» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ደረቅ ቆዳ ቤት ውስጥ አይራገፍም፣ ነፋስ ወደ ጀርባ ሰጥቶ ነው፤ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር» አለኝ። ይህን ለአባትሽ አንብቢለት። ሙካን ከእስር ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል። በቤታችን የአባትሽ ስም በክፉ የተነሳበት ቀን ትዝ አይለኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ የምናነሳው የሠርጉን ቦት ጫማ ብቻ ነው።

ይድረስልሽ። ይድረስልን።

ሳፓርጋሊ


ካሚስቲኮል፣ ጃንዋሪ 30

የተከበሩ አጎቴ ሳፓርጋሊ፣ ከብትዎም ነፍስዎም ደህና ይሁኑ። ባለቤትዎን፣ ጋሼ ሙካንንም ሰላም ይበሉልኝ።

መድኃኒቱ ጃንዋሪ 14 ደረሰ። ስልሳው ብልቃጥ ሳይሰበር። አባቴን የቀበርነው በ10 ነው።

ጓደኞቹ በረዶውን በእሳት አሙቀው ነው መቃብሩን የቆፈሩት። ከመካከላቸው በእሱ እጅ ያልተያዘ አንድም አልነበረም። እያንዳንዳቸው ሲቆፍሩ ስንት ቆዳ እንደነጠቃቸው እየተናገሩ ይሳሳቁ ነበር፣ ያለቅሱም ነበር። ሦስቱ ያስሉ ነበር። የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ሁሉም ይገፍፋል፣ ሁሉም ከሁሉም ይደብቃል። አሁን በየቤቱ እየዞርኩ እጅ አያለሁ፣ ብብት እዳስሳለሁ። «አንቺም እንደ አባትሽ ልትይዢን ነው?» ይሉኛል። ከእናቴ የተረፈውን አርባ ብልቃጥ ለሁለቱ ጀምሬላቸዋለሁ። ሦስተኛው ጠንክሮብኛል፤ «ውሃ ዳር ከሄድኩ ዘመን ሆኖኛል» ብሎኛል። የጀልባው መቅዘፊያ በሩ ላይ ተደግፎ ነበር።

እናቴ ድናለች። በሦስተኛው ቀን፣ በስድስተኛው መርፌ፣ ትኩሳቷ ወረደ፤ ሾርባ ጠየቀች። ልክ እርስዎ እንዳሉት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቁጭ ብዬ የአባቴን ሃያ ብልቃጥ ለብቻ ቆጠርኩ። አሁን መዳመጫዋን ይዛ ሊጥ እየዳመጠች ነው። የሚያስፈልገን ለሁለት ሰው የሚበቃ ብቻ ነው። ገና ስላልለመደች እየደጋገመች ታበዛዋለች።

አንድ ነገር ያልጻፍኩልዎ አለ። ጃንዋሪ 8፣ ቀን ነው፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ነበረ። በጣም እያጠረው ነበር የሚተነፍሰው። እጄን ያዘና «ለእነሱ ጻፍሽ?» አለኝ።

«አልጻፍኩም» አልኩት።

«ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም።

የጋሼ ሙካንን ቃል ከሰማ በኋላ ቢሞት ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ቢሰማው ይናደድ ነበር ይሆናል። «መግፈፍ አያውቅም» መባሉ ያናድደው ነበር። ከዚያ ይስቅ ነበር። ደብዳቤዎን መጋዘኑ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ቆዳዎቹን ከማቃጠሌ በፊት።

አሁን ሦስተኛውን እጠይቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ የለኝም። የመጀመሪያው ፊልም እርስዎ ዘንድ ነው። መስኮቱ ላይ መልሰው ይለጥፉት። ቀኝ፣ ታች፣ አንድ ጥላ፣ ያበጠ ሥር፣ ጥቂት ውሃ። ደብዳቤዎ በእጄ የነበረበትን ያንን ዲሴምበር 3 ያስቡ። «ይሄዳል» ብዬ ጽፌልዎ ቢሆን፣ መርፌው እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ተኩል ቢፈጅ፣ ይድን ነበር?

እናቴ «አይድንም ነበር ብሎ እንዲጽፍልሽ ለምኚው» ትለኛለች። ባለቤትዎም እንዲሁ ይሉዎት ይሆናል። እርስዎ ግን በሠላሳ ዓመት ከፊልም ላይ ያልነበረ ነገር አንብበው አያውቁም። በጸደይ መንደሩን በሙሉ ራጅ አነሳለሁ፣ ሚኒስቴሩ ሃምሳ ፊልም ፈቅዶልኛል፤ ጥላ ባየሁ ቁጥር ሰውየውን ምን ብዬ እንደምጠይቀው ከእርስዎ መልስ ነው የምማረው።

ይጻፉልኝ። የእህት ልጅ ሦስተኛ ጥያቄ አይከለከልም። ፖስታው ላይ የእኔን ስም ብቻ ያድርጉበት፤ ብቻዬን አነበዋለሁ።

አክማራል